ዘፋኛችን ያጓራ ጊዜ

ነቀምቴ ውስጥ የሄቪ ሜታል ባንድ ነበረን ስል ሰው ይስቃል። ይሳቅ። አራት ነበርን። እኔ ከሸዋ ተመድቤ የመጣሁ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፤ ሰፈሩ በኦሮምኛ «ባርሲሳ»፣ አስተማሪ፣ ይለኛል፤ ጊታር እጫወታለሁ። ቤዙን የሚይዘው ባጃጅ ነጂ ነው። ድራመሩ ቸርች ውስጥ እጁን ያፍታታ ልጅ ሲሆን፣ ዘፋኙም ከዚያው መዘምራን የመጣ፣ ሰርግ ላይ ሲዘምር እናቶችን የሚያስለቅስ ለስላሳ ድምፅ ያለው ወጣት ነው።

ጥቁር ካናቴራ ለብሰን በገበያው ስናልፍ ሴቶቹ ደረታቸውን ይዘው «ማን ሞተባችሁ?» ይሉን ነበር። ማንም አልሞተም ስንላቸው ደግሞ ይቆጡናል፤ በደህና ቀን ማን ጥቁር ይለብሳል? ለመጀመሪያው ዘፈናችን ሽፋን፣ ጉቶ ጊዳ ወረዳ በቆሎ ማሳ ዳር ወድቆ ያገኘነውን የበሬ ራስ ቅል ቀንዱን በከሰል አጥቁረን ፎቶ አነሳነው። ቤዝ ተጫዋቻችን ዘፈኑን ባጃጁ ውስጥ ከፍቶ ሲዞር ተሳፋሪዎች መንገድ ላይ ወረዱበት። በቴሌግራም ግን ቢላ ከተማ ድረስ ያሉ ተማሪዎች ተቀባበሉት፤ ኮራን።

ነገር የተበላሸው በሁለተኛው ዘፈን ነው። ዘፈኑ ማጓራት ይፈልግ ነበር፤ ከሆድ የሚወጣ፣ የሰው የማይመስል ድምፅ። ዘፋኛችን ብዙ ታግሎ አንድ ቀን መጣለት። ፀጉሬ ቆመ፤ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። እሱም ደስታው አላስቀምጥ ብሎት ቤቱ በር ዘግቶ ይለማመድ ጀመር።

እናቱ በግድግዳው ማዶ ሰሙት። እሳቸው ጎረቤት ጠሩ፤ ጎረቤት የቸርቹን የጸሎት ቡድን ጠራ። ድራመሩ ሮጦ መጥቶ ሲነግረኝ እንደ ቀልድ ወሰድኩት። ስንደርስ ግን ልጁ ተንበርክኳል፤ ብዙ እጆች ራሱ ላይ ናቸው፤ «ውጣ! በኢየሱስ ስም ውጣ!» ይላሉ።

«ኧረ ዘፈን ነው!» አልኩ።

እናቱ ወደ እኔ ዞሩ። «ባርሲሳ፣ ይሄ የልጄ ድምፅ ነው? ኢልመ ኮ፣ የኔ ልጅ ነው እንዲህ የሚጮኸው?»

ተቆጥተው ቢሆን እከራከር ነበር። እሳቸው ግን ፈርተው ነበር፤ ስለሚወዱት ፈርተው።

የቡድኑ መሪ ደግ ሽማግሌ ናቸው። «ዘፈን ከሆነ እስቲ ዝፈነው፤» አሉት። ልጁ እኔን አየኝ። ከሰሙት ይገባቸዋል ብዬ ራሴን ነቀነቅኩለት። አጓራ። አንዲት ሴት «ያ ዋቃዮ! አምላኬ!» ብላ ጮኸች፤ እናቱ እየተንቀጠቀጡ ወደቁ። ከዚያ በኋላማ ማን ይስማን? ገፍተው አስወጡን። ደጅ ቆመን ጸሎቱን ስንሰማ ድራመሩ ሳይታወቀው አብሮ አሜን ይል ነበር።

ከሳምንት በኋላ ዘፋኛችን ልምምድ ላይ ብቅ ሲል ተረፍን አልኩ። ማይክራፎኑን ያዘ፤ አፉን ከፈተ፤ ምንም አልወጣም።

«ሳጓራ እፎይ ይለኛል፤» አለኝ። «መንፈስ ሲወጣም ሰው እፎይ ይላል ይላሉ። ድምፁ የኔ መሆኑን በምን አውቃለሁ?»

ስለ አየር ግፊት፣ ስለ ድምፅ ሞገድ ያልቀባጠርኩት የለም። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነ። ልጁ በጨዋ ደንብ፣ ተማሪ አስተማሪውን እንደሚሰማ ሰማኝ።

«ያንተ ነው! እናቴ ትሙት ያንተ ነው!» አልኩት በመጨረሻ።

«ያንተን እናት አላውቃትም፤» አለኝ ቀስ ብሎ። «የኔዋ ግን ድምፄን ሰምታ ስትወድቅ አይቻለሁ።»

የማይክራፎኑን ገመድ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ከመቀበል ሌላ ምን አቅም አለኝ?