ፊርማ የተጠየቀበት አማና

የሐይቅ ከተማዋ ነጋዴ ወይዘሮ ዑምኩልሱም ሱቃቸውን ቆልፈው ጥቂት ከተራመዱ በኋላ ተመልሰው ቁልፉን ይስቡታል። ሌባን ብቻ ሳይሆን ቁልፉንም ይጠረጥራሉ። ከእህታቸው ጋር ያቋቋሙት፣ የመስኖ ፓምፕ የሚሸጠው ድርጅት የ2014ን ሒሳብ ዘግቶ ማቅረብ በነበረበት ሐምሌ ግን ጥርጣሬያቸው በሙሉ በሒሳብ ባለሙያው በአሕመዲን ላይ አረፈ።

ከደሴ የመጣው ይህ ወጣት ሲጠይቅ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ዝቅ ያለ ድምፅ ደግሞ እሳቸው ዘንድ በቂ ማስረጃ ነው። ደረሰኞቹን ከመጋዘኑ ዕቃ ጋር ሲያስተያይ ተገዝተው ያልተሸጡ ፓምፖች በቦታቸው እንደሌሉ ደረሰበት።

“እትዬ፣ በጦርነቱ ተዘርፈው ከሆነ የቀበሌ ማስረጃ ይምጣልኝ። ካሉም ልያቸው። አለዚያ ሒሳቡን አልፈርምም።”

ካልፈረመ ንግድ ፈቃዱ አይታደስም፤ ሱቁም ይዘጋል።

ፓምፖቹ አልተዘረፉም። ጦርነቱ ወደ ከተማው ሲቃረብ ዑምኩልሱም በአህያ አስጭነው፣ ከአስፋልቱ ርቀው አምባሰል ተረተር ላይ ለሚኖሩት የቤተሰባቸው ወዳጅ፣ ለገበሬው ለአያ ወልዴ፣ አማና ብለው በአደራ ሰጥተዋቸው ነበር። ወረቀት አልተጻፈም። አማና ላይ ወረቀት መጠየቅ ሰውን ከወዲሁ ሌባ ማለት ስለሆነ፣ ቁልፍ የሚጠረጥሩት ሴት እንኳ አላሰቡትም። ውጊያው ካለፈ በኋላም ዑምኩልሱም ዕቃውን ወደ መጋዘናቸው አልመለሱም፤ ሰላሙን ገና አላመኑትም።

ብዙ ካመነቱ በኋላ ነገሩን ለአሕመዲን ገለጡለትና አብረው ወጡ። ዳገቱ ላይ እሳቸው ወደ ኋላ ቀሩ፤ እሱ ቦርሳውን አንግቶ ቀድሞ ደረሰና ስለ ፓምፖቹ ጠየቀ። አያ ወልዴ ቦርሳውን ተመለከቱ። እዚህ አገር ውሃ የሚቀዳው በእንስራ መሆኑን፣ ዑምኩልሱም የምትባል ሴትም በዘመናቸው አይተው እንደማያውቁ በትሕትና አስረዱት።

ዑምኩልሱም እያለከለኩ ሲደርሱ አሕመዲን ቦርሳውን ዘግቶ ቆሟል።

“እትዬ፣ ሰውየው አያውቅዎትም።”

ዑምኩልሱም ያን ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። “አያ ወልዴ፣ ከእኔ ጋር ነው። አሳየው።”

“አስገድዶሽ ነው?” አሉ ሽማግሌው፣ ዓይናቸውን ከወጣቱ ሳይነቅሉ።

“ወላሂ፣ በፈቃዴ ነው።”

ጓሮ የተከመረው ጭድ ተገለጠ። ፓምፖቹ አንድም ሳይጎድል ተደርድረዋል፤ አሕመዲን ቁጥራቸውን ከደረሰኙ ጋር አመሳከረ። ከዚያም ዕቃው በአያ ወልዴ እጅ እንደሚገኝ የሚያረጋግጥ ወረቀት አውጥቶ እስክሪብቶ ዘረጋላቸው። ዑምኩልሱም አንገታቸውን ደፉ።

“ልክድ ኖሯል የምፈርመው?” አሉ አያ ወልዴ።

“ለእኔ አይደለም” አሉ ዑምኩልሱም መሬት መሬቱን እያዩ። “ለመንግሥት ነው።”

አያ ወልዴ ቀለል አላቸው። መንግሥት ባያምናቸው ቅር አይላቸውም፤ እሳቸውም አያምኑትም። ቀስ ብለው ፈረሙና እስክሪብቶውን ለአሕመዲን መለሱለት።

“አንተም ያየኸውን ለሰው እንደማትነግር ፈርምልኝ።”

ፈረመ።

ሒሳቡ በጊዜው ቀረበ፤ ፈቃዱም ታደሰ። ያን ቀን ቁልቁለቱን ሲወርዱ ዑምኩልሱም ወደ ጭዱ አንዴም ዞረው አላዩም። አሕመዲን ቦርሳውን በደንብ መዝጋቱን ግን ሁለቴ ጠየቁት።