መጨረሻው የጠፋው ካሴት

አዲሱን ፊልም ሳላየው ነው የጠላሁት። አሮጌው የአባቴ ነበራ!

አባቴ ፊልም ተርጓሚ ነበር ስል የዛሬ ልጆች ስቱዲዮ ውስጥ ተቀምጦ ማይክሮፎን የያዘ ሰው ይታያቸዋል። የእኔ አባት ጎፋ ውስጥ፣ በቆርቆሮ በተሠራችው ቪዲዮ ቤቱ፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሞ አግዳሚ ላይ ለተደረደረው ሰው እዚያው በዚያው ይተረጉም ነበር። እንግሊዝኛው ከስምንተኛ ክፍል አያልፍም። የጎደለውን በድምፁ ይሞላዋል።

ሰዉ ደጋግሞ የሚያስከፍተው አንድ የዘረፋ ፊልም ነበር፤ አራት ጓደኛሞች የባንክ ካዝና ሰብረው ወርቅ የሚያወጡበት። ያ ካሴት መጨረሻ የለውም። ከሰው እጅ ገዝተነው ገና ሳናየው፣ ጎረቤታችን የሰርጉን ቪዲዮ ሲያስገለብጥ፣ ገልባጩ ሰውዬ ባዶ መስሎት የእኛን ካሴት አነሣና፣ ወደ ኋላ እንኳ ሳያጠነጥን፣ የመጨረሻው ሩብ ሰዓት ላይ ሰርግ ቀረጸበት። ስለዚህ የካዝናው በር ተከፍቶ፣ ፖሊስ ደርሶ፣ ካዝና ሰባሪው ውስጥ ሲቀር፣ ድንገት ሚዜዎች እስክስታ ይወርዳሉ። አባቴ ቶሎ ብሎ ቴሌቪዥኑን ያጠፋና ወደ ሰዉ ዞሮ መጨረሻውን በቃሉ ይነግራቸዋል፦ ጓደኞቹ መኪናዋን አዙረው፣ በጥይት መሀል ገብተው ጓደኛቸውን ያወጡታል። ቤቱ በጭብጨባ ይናጋል። «ሲኒማ ቤት ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ» ይል ነበር። እኔም አምኜ አደግኩ።

ዘንድሮ ያው ፊልም እንደገና ተሠርቶ መጣ። የምንኖርበት የጀሞ ኮንዶሚኒየም ወጣቶች እሁድ ከሰዓት በኮሚናሉ አዳራሽ ውስጥ አዲሱንና አሮጌውን አከታትለው ለማሳየት አሰቡ፤ አሮጌውን አባቴ እንደ ድሮው ቆሞ እንዲተረጉምላቸው ጠየቁት። አባቴ ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ግላኮማ ዓይኑን ወስዶበት ከጥላ በቀር አያይም። «በጆሮዬ አውቀዋለሁ» አላቸው። ሸሚዙን በዳሰሳ መርጦ አስተኮሰኝ።

ሰኞ ዕለት አሮጌውን ፊልም በስልኬ አገኘሁትና እስከ መጨረሻው አየሁት። ጓደኞቹ አይዞሩም። ወርቁን ጭነው ይነዳሉ፤ ካዝና ሰባሪው እጁን ወደ ላይ አድርጎ ብቻውን ይቀራል። አባቴ መጨረሻውን አይቶት አያውቅም ማለት ነው። ይባስ ብሎ ዝግጅቱን የሚመራው ወጣት ከሥር የአማርኛ ጽሑፍ አስገብቶበታል። ኮሚናል ሙሉ ሰው እውነተኛውን እያነበበ፣ አባቴ ሳያይ የራሱን ሊያወራ ነው።

ጽሑፉን እንዲያነሣው ሄጄ ለመንኩት።

«እንዴ እህቴ፣ ሦስት ቀን የለፋሁበትን?» አለኝ።

ለአባቴ መንገር ነበረብኝ። ማክሰኞ፣ ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። ረቡዕም ነገ አልኩ። ሐሙስ ለጎፋ የድሮ ደንበኞቹ እየደወለ «ኑና ስሙኝ» ሲላቸው ሰማሁት። ከዚያ ወዲያማ በምን አፌ!

እሁድ ደረሰ፤ አዲሱ ቀደመ። እውነቱን ለመናገር ያምራል። ግን ሌቦቹ ካዝናውን በኮምፒዩተር ነው የሚከፍቱት፤ አንዷማ ሶፋ ላይ ተቀምጣ ጁስ እየጠጣች። ማንም አያልበውም፣ ማንም አይሳሳትም፣ በየደቂቃው ቀልድ ነው። መጨረሻ ላይ ሁሉም ባሕር ዳር ተጋድመው ይስቃሉ። ሌብነት እንኳ ሳይለፉበት! ተናደድኩ። አጠገቤ ያለችው ጎረቤቴ ግማሹን ያሳለፈችው ስልኳን ስትነካካ ነው። አሮጌው ላይ ካዝናው የሚበሳው በእጅ መሰርሰሪያ ነው። አሥር ደቂቃ ሙሉ ማንም አይናገርም፤ የሰውየው ጣት ሲንቀጠቀጥ ይታያል።

አሮጌው ሲጀምር አባቴ ከጎኔ ተነሥቶ ቆመ። የመጀመሪያውን ሰዓት ብዙም አልሳተም፤ የሳተውም ከጽሑፉ ይሻል ነበር። መሰርሰሪያው ጋ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እስቲ ትንፋሽ እንዳታሰሙ፣ ዘበኛው ከላይ ነው» አለ። ጎረቤቴ ስልኳን ጭኗ ላይ ደፋችው። የካዝናው በር ተከፈተ፣ ፖሊሶቹ ደረሱ፤ ካሴታችን የሚያልቅበት ቦታ ነው። እነዚያ ሚዜዎች ምነው አሁን በመጡልኝ ብዬ ተመኘሁ።

«አሁን መኪናዋ ትዞራለች!» አለ አባቴ።

ከሥር «ተወው፣ ንዳ» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ከኋላ ወጣቶቹ ሳቁ። አባቴ ሰማቸው፤ ሰው የት ቦታ እንደሚስቅ አሳምሮ ያውቃል። ወደ እኔ ጎንበስ አለ።

«ዞሩ?»

«አልዞሩም፣ አባዬ።»

«ሰውየውስ?»

«ብቻውን ቀረ።»

«አቁሙት» አለ። ፊልሙ ቆመ። እጁን ይዤ ላስቀምጠው ስሞክር አስለቀቀኝ።

«ወገኖቼ፣ ድሮ የነገርኳችሁን መጨረሻ የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ሲኒማ ቤትም አላየሁትም። ሰው ጥሎ መሄድ ስለማልወድ አዞርኳቸው። ይቅርታ አድርጉልኝ። ከዚህ ወዲያ ያለውን አላውቀውም፤ ጽሑፍ አለው መሰለኝ፣ የሚያነብልኝ ይኖራል?»

ፊልሙ ቀጠለ፤ ጎረቤቴ አነበበችለት። አገጩን በመዳፉ ደግፎ እንደማንኛውም ተመልካች ሰማ። ሲያልቅ የጎፋ ሰዎች ከበቡት፤ አንደኛው «አንተ ቀጣፊ!» እያለ ትከሻውን ይደበድበዋል፣ ሁለቱም ይስቃሉ። እፎይ አልኩ።

ወደ ቤት ደረጃውን ስንወጣ «አሮጌው ይበልጣል» አለኝ። «ያሳዝናል፣ ግን ይበልጣል። አዲሱን የሠሩት ሰዎች እንደ እኔው ናቸው፤ ማንም እንዲቀር አልፈለጉም።»

ሁለተኛው ፎቅ ላይ ትንፋሹን ሊሰበስብ ቆመ።

«ስጠይቅሽ ቶሎ ነው የመለስሽልኝ። ታውቂ ነበር እንዴ?»

«ከሰኞ ጀምሮ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሰው ፊት እንዳታፍር ብዬ ነው፣ አባዬ።»

«እኔስ አላፈርኩም» አለ። «ሳምንቱን ሙሉ ያፈርሽብኝ አንቺ ነሽ።»

ክንዱን ልይዝ እጄን ስዘረጋ፣ እሱ የደረጃውን ብረት ይዞ ብቻውን መውጣት ጀምሮ ነበር።