የጸጉር አስተካካዩ ሆሊዎች

አባቴ ጸጉር አስተካካይ ነበር። በቤታችን የፊት ክፍል በከፈታት ጠባብ ሱቅ ውስጥ አርባ ዓመት ሙሉ ቆሞ ሠርቷል። ሱቋ አንድ የሚሽከረከር ወንበር፣ ጥጉ ላይ የተሰነጠቀ መስታወትና ሦስት ሰው በግድ የሚያስቀምጥ አግዳሚ ነበራት። ለአባቴ ሰው ማለት ከሁሉ አስቀድሞ ጸጉር ነው። መንገድ ላይ ሰውን የሚያውቀው በፊቱ ሳይሆን በማጅራቱ ነበር። «ያ ሰውዬ ሁለት ሳምንት አልፎታል» ይላል፤ ስሙን ቢጠየቅ ግን አያስታውስም።

በሱቁ መስኮት ሥር ሦስት ቁጥቋጦዎች ነበሩት፤ ሆሊ ይባላሉ። ቅጠላቸው ወፍራም፣ በሰም የተወለወለ የሚመስል፣ ዳር ዳሩን እሾህ ያለው ነው፤ ዓመቱን ሙሉ አይረግፍም። ብርዱ ገብቶ ሌላው ተክል ሁሉ ራቁቱን ሲቀር፣ እነሱ በአረንጓዴው መካከል እንደ ዶቃ የቀላ ፍሬ ያወጣሉ። ያወጣሉ መባሉን የሰማነው ግን በወሬ ነው። የአባቴ ሆሊዎች ስድስት ዓመት ሙሉ አንዲት ፍሬ አላሳዩንም።

አባቴ የተመኛቸው ያለ ነገር አልነበረም። ሙያውን ያስተማሩት ሽማግሌ በራፋቸው ላይ ግራና ቀኝ ሁለት ሆሊ ነበሯቸው። በወጣትነቱ በብርድ ጠዋት ሱቅ ለመክፈት ሲመጣ፣ እነዚያን ቀይ ፍሬዎች ሲያይ እጁ የሚሞቅ ይመስለው ነበር። «የራሴ በር ሲኖረኝ» ብሎ ለራሱ ቃል ገባ። በሩ ተገኘ፤ ችግኞቹም ተገኙ፤ ፍሬው ብቻ ቀረ።

እንክብካቤ አጎደለባቸው የሚል አይገኝም። ውሃ የማይተኛበት ቦታ መርጦ ተክሏቸዋል። የረገፈ ቅጠል ሰብስቦ ሥራቸውን ያለብሳል፤ በደረቅ ወራት ጠዋት ጠዋት ያጠጣል። ከሁሉ በላይ ደግሞ በየሁለት ሳምንቱ፣ ሱቁን በሚዘጋበት ቀን፣ ይከረክማቸው ነበር። አከራከሙም እንደ ደንበኛ ነው። ከሥራቸው ነጭ ጨርቅ ያነጥፋል፤ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያያል፤ ግራው ከቀኙ እኩል መሆኑን ያረጋግጣል፤ በመጨረሻም በአንገት ብሩሹ ያራግፍላቸዋል።

እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። የስፌት መኪናዋ ከመስኮቱ ጀርባ ስለሚቆም የሚያመልጣት ነገር የለም።

«ጨረስክ ወይስ ሽቶም ትረጭላቸዋለህ?» ትለዋለች።

ግቢያችን ሆሊዎቹ ካሉባት ጥግ በቀር ሁሉም ሲሚንቶ ነው። እናቴ ያቺን አፈር ከተመኘቻት ቆይታለች። አንድ ቀን ክሩን በጥርሷ በጥሳ፣

«ስማኝ አንተ ሰው፣ ስድስት ዓመት ታገስኩ። እስከሚቀጥለው ብርድ ካላፈሩ ይነቀላሉ። ሽንኩርት እተክልበታለሁ» አለችው።

«ሽንኩርት?»

«ሽንኩርት ቢያንስ ሰው አያስጠብቅም።»

አባቴ እናቴን ያውቃታል፤ ቀን ከቆረጠች ቆረጠች ነው። በነጋታው ሱቁን ዘግቶ፣ ሆሊዎቹን የሸጠችለትን ችግኝ ሻጭ ከመንገዱ ጫፍ ይዟት መጣ። ሴትዮዋ ሰፊ ባርኔጣዋን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ ጎንበስ አለች፤ የቅርንጫፎቹን ጫፍ አንድ በአንድ ዳሰሰች።

«እነዚህን የላጫቸው ማነው?» አለች።

«እኔ ነኝ» አለ አባቴ፣ ደረቱን ነፋ አድርጎ።

«በየስንት ጊዜው?»

«በየሁለት ሳምንቱ። በመሀልም ጆሯቸው አካባቢ ነካ ነካ አደርጋለሁ።»

«ጋሼ፣ ሆሊ የሚያብበው ባለፈው ዓመት ባደገው ቅርንጫፍ ላይ ነው። እርስዎ ቅርንጫፉን ሳያድግ ነው የሚያነሱት። ስድስት ዓመት ሙሉ ፍሬውን ሲላጩት ኖረዋል።»

ከመስኮቱ ጀርባ የስፌት መኪናው ድምፅ ቀጥ አለ።

«ሁለቱ ሴት ናቸው» ቀጠለች ችግኝ ሻጯ፤ «ይሄ ዳር ያለው ወንድ ነው። እሱ መቼም አያፈራም፤ እሱ ከሌለ ግን እነሱም አያፈሩም። እንዳይነቅሉት። ፍሬውም ለዓይን እንጂ ለአፍ አይሆንም።»

«መድኃኒቱስ?»

«እጅዎን ኪስዎ ውስጥ ማኖር። ዘንድሮ ያድጋሉ፤ ከርሞ ያብባሉ፤ ያኔ ያፈራሉ።»

እናቴ በመስኮቱ ብቅ አለች። «እንግዲያው አንድ ብርድ ጨመርኩልህ። ነገር ግን መቀስህ አንዴ ከነካቸው፣ ሽንኩርቴን ያንኑ ቀን እተክላለሁ። ዳር ያለው ደግሞ ይቆይ፤ ቆሞ ሲያይ አንተን ነው የሚመስለው።»

ያ ዓመት ለአባቴ የመከራ ዓመት ነበር። ሆሊዎቹ በየአቅጣጫው ፈነጩ። ጡረታ የወጣው ፖስተኛ በየጠዋቱ አግዳሚው ላይ እየተቀመጠ ነገር ይፈልገዋል።

«በርህ ላይ የቆሙት ሦስቱ ጎፈሬዎች ተራ እየጠበቁ ነው?»

«አንተ ተቀመጥ፤ ያንተ ሦስት ጸጉር አይበቃህም?»

«እኔማ እንግዳ አይቶ እንዳይሸሽብህ ብዬ ነው።»

አባቴ ይስቃል፤ ጣቶቹ ግን በባዶ አየር ላይ መቀስ ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። አንድ ቀን ፖስተኛውን ግማሽ ላጭቶ ሳለ ዓይኑ በመስኮቱ ወጣ። መካከለኛዋ ሆሊ አናት ላይ እንደ አመፀኛ ጉተና ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር አየ። እንዴት እንደወጣ ራሱም አያውቅም። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ወደ ልቡ ሲመለስ የመዳፍ ያህል ቦታ ገልጦ፣ ቅርንጫፎቹን በእጁ ይዞ ቆሟል። መስኮቱን አየ፤ እናቴ ለደንበኛ ልብስ ልታደርስ ወጥታለች። ቅርንጫፎቹን ጋዋኑ ኪስ ውስጥ ጠቅጥቆ ገባ።

ከዚያ በኋላ ጎንበስ ባለ ቁጥር እሾሁ ጎኑን ይወጋዋል። ምሳ ላይ እናቴ፣ «ምን ሆነህ ነው የምትሸማቀቀው?» አለችው።

«ወገቤን ነው።»

«ውይ፣ የኔ ጌታ» አለችና ጨርቅ በሙቅ ውሃ ነክራ አሰረችለት።

ጊዜው ሄደ። በዓመቱ የጥፍር ጫፍ የሚያክሉ ነጫጭ አበቦች ወጡ፤ ንቦች ሱቁን አልፈው ወደ መስኮቱ ሥር ተመሙ። አበቦቹ አረንጓዴ ፍሬ ሆኑ። ከዚያም ብርዱ በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ አንድ ጠዋት አባቴ በሩን ሲከፍት ሁለቱ ሆሊዎች ከላይ እስከ ታች ቀልተው አገኛቸው። መዝጊያውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ፖስተኛው እንኳ ቆቡን አወለቀ።

እናቴ የልኬት ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ወጣች። ዞራ ዞራ አየችና የመካከለኛዋ አናት ላይ ስትደርስ ቆመች።

«እዚህች ጋ ምን ነካት? የመዳፍ ያህል ፍሬ የላትም።»

«ወፍ ይሆናል» አለ አባቴ፣ ወደ ሌላ እያየ።

«ወፍ መቀስ ይዛ ትዞራለች?» አለችና ከመርፌ ቆርቆሮዋ ውስጥ የደረቁ፣ እሾሃቸው ግን ያልረገፈ ሦስት ቅርንጫፎች አወጣች። «ጋዋንህን ሳጥብ እጄን የወጉኝ ናቸው። ወገብህን ያሳመሙህም እነሱ ናቸው።»

አባቴ ጆሮው ድረስ ቀላ። «እና ይህን ሁሉ ጊዜ እያወቅሽ ለምን አልነቀልሻቸውም?»

«አንድ ዓመት ሙሉ ጣቶችህ ሲበሉህ ሳይ ነበር» አለች። «የቀረውን ሳትነካ ቻልክ። ከዚያ በላይ ካንተ አይጠበቅም።»

ሽንኩርቱን በዚያው ሳምንት ያረጀ ባልዲ ውስጥ፣ ዳር ካለው ወንዱ ሆሊ አጠገብ ተከለችው። እሱም ብቻውን ቆሞ እንዳያይ ብላ።