የጀሪካኑ መጨረሻ

እሌኒ ጅግጅጋ ከመጣች ስድስት ዓመቷ ነው። በአካባቢ ጥበቃ ቢሮ ሥራዋ የአንድን ዕቃ ዕድሜ ከጅምሩ እስከ መቀበሩ መከታተል ነው፤ ከየት ተቆፍሮ ወጣ፣ የት ተሠራ፣ መጨረሻው ምን ሆነ። መመሪያ የሚወጣው እንዲህ ያለውን ጥናት ይዞ ነው።

ሰሞኑን የያዘችው የፀሐይ ኃይል ባትሪ ነበር። ለገጠር ጤና ኬላዎች ብዙ ባትሪ ሊታደል፣ ሲያረጅም ጅግጅጋ መጥቶ ሊታደስ ነው። የጥናቱ የመጨረሻ ገጽ፣ «ከአሮጌ ባትሪ የሚቀዳው አሲድ ከነጀሪካኑ ወደ ቆሻሻ መጣያ ይሄዳል» ይላል። ይህችን መስመር ከውጭ አገር ጥናት የገለበጠችው ራሷ ናት።

ማክሰኞ ፎቶ ለማንሳት ወደ መጣያው ወረደች። አንድም ጀሪካን የለም።

«ጀሪካን?» አለ ጥበቃው ሻርማርኬ፣ ሳቁ እያመለጠው። «እህቴ፣ እዚህ አገር ጀሪካን የሚጥል እብድ አይተሻል? የከተማው ባትሪ ሠሪዎች አሲዱን ቦይ ውስጥ ይደፉታል፤ ጀሪካኑ ወተት ተራ ነው።»

ወተት ተራ ስትደርስ ወተት የምትሸጥላት ደንበኛዋ ሳዳ ከጀሪካን የግመል ወተት ትቀዳለች። እሌኒ ጀሪካኑን አዞረችው። የተፋቀ ወረቀት፣ ከሥሩ ግማሽ የራስ ቅል ሥዕል።

«ይሄን ከየት አመጣሽው?»

«ከባትሪ ሠሪዎቹ። ወፍራም ነው፣ አይቀደድም። ምን ያስደነግጥሻል? በአሸዋ ፈትጌ በእንጨት ጭስ አጥኜዋለሁ፤ እናቴ እንዳስተማረችኝ።»

«አሲዱ ውስጥ ያለው የእርሳስ መርዝ በጭስ አይለቅም፣ ሳዳ።»

«ውይ! አንቺስ ከዚሁ ስትጠጪ አልከረምሽም?»

እሌኒ በቀጥታ ወደ ቢሮዋ ተመለሰች።

የቢሮው ኃላፊ አቶ ልዑልሰገድ ሰዓቱን እያየ አዳመጣት።

«የላቦራቶሪ ውጤት አለሽ?»

«ናሙናው አዲስ አበባ ደርሶ እስኪመለስ ወር ይፈጃል።»

«እንግዲያው በሚቀጥለው ማሻሻያ ይገባል። መመሪያው ሐሙስ ይጸድቃል፤ ጥናቱ ላይ ፈርሚ። ጥናቱ የማን ነው?»

«የኔ ነው፤ የማልፈርመውም ለዚህ ነው።»

ሐሙስ ያለ እሷ ፊርማ፣ ያለ እርማቱም ጸደቀ።

ዓርብ ጠዋት አዳዲስ ጀሪካኖች በባጃጅ ጭና ወተት ተራ ሄደች። የሳዳንና የጎረቤቶቿን አሮጌዎች እየለወጠች ሰበሰበች፤ አስራ አንድ ሆኑ። ሳዳ ዛሬ አልሳቀችም።

«የኛንስ ወሰድሽልን። ኤረር ላሉት እህቶቼ በረመዳን ጊዜ ሰላሳ ጀሪካን ልኬላቸዋለሁ። ውሃ የሚያጠራቅሙት በእሱ ነው።»

«አሁኑኑ ደውይላቸው።»

ሳዳ ደወለች። ይጠራል፤ የሚያነሳ የለም።