ታምራት የረገጠው ቆጮ

ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እህቴ ምሕረት ስድስት ዓመቷ ነው፤ ታናሻችን ታምራት ደግሞ ሦስት ዓመት ሊሞላው ትንሽ ቀርቶት፣ ሱሪውን ራሱ መታጠቅ የማይችልበት፣ ግን ሌላ ሰው ሲያስታጥቀው የሚያለቅስበት ዕድሜ ላይ ነበር።

የምንኖረው ሆሳዕና ነው። አባታችን መምህር፣ እናታችን የዳምቦያ ገጠር ልጅ ነበረች። ክረምቱ አልፎ ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ሲሆን፣ የመስቀል ሰሞን፣ ትምህርት ገና ጠበቅ ሳይል፣ እማ ሦስታችንን ይዛ ወደ ትውልድ ቤቷ ትሄዳለች። የሌላውን ቤት አላውቅም፤ እኛ ቤት ግን ዓመቱ የሚጀምረው በዚያ መንገድ ነበር። መኪናው እስከ ከተማው ድረስ ሊያደርሰን ይችላል፤ እማ ግን አትፈልግም። ቀደም ብላ "ወራጅ አለ!" ትልና የቀረውን በእግራችን ታስኬደናለች። ሀምበሪቾ ተራራ ከሩቅ ጉም ተከናንቦ ያየናል። መሬቱ ገና እርጥብ ነው፤ ጭቃው ላይ የደረቀ ቅርፊት አለ፣ ስትረግጡት እንደ ዳቦ ይሰበራል። ወንዟ ጋ ስንደርስ ጫማችንን አውልቀን እንገባለን። ምሕረት እንቁራሪት ይዛ በቀሚሷ ትቋጥርና አያቴ ቤት ስትደርስ ትፈታዋለች፤ ሁሌም ትገረፋለች፣ ሁሌም በዓመቱ ትደግመዋለች። አሁንም ዝናብ ያበቃበት ቀን ሣር ሲሸተኝ ያ መንገድ ፊቴ ድቅን ይላል።

በዚያ ዓመት ክረምቱን እማ ሆስፒታል ተኝታ ነው ያሳለፈችው። ሆዷ ውስጥ የበቀለ ነገር አለ ተብሎ ነበር፤ ሐኪሞቹ ከፈቱት፣ አዩት፣ መልሰው ሰፉት። ለእኛ ለልጆቹ "ድናለች" ተባልን፤ እኛም አመንን። ቀሚሶቿ ሁሉ ሰፍተዋት ነበር። ታናሽ እህቷ አክስቴ አየለች እሷን ልታስታምም ከዳምቦያ መጥታ እኛ ጋ ከርማለች። አየለች ገና ያላገባች፣ ድምፅዋ ትልቅ፣ ሲከፋት የምትቆጣ፣ ሲደላትም የምትቆጣ ሴት ነበረች።

አባታችን "ዘንድሮ ይቅርባችሁ" ብሎ ነበር። እማ "ዘንድሮማ አይቀርም" አለችው። አባባ ኮቱን ለብሶ ወጣ።

የሰማሁትን የሰማሁት ከመሄዳችን በፊት በነበረው ቀን፣ ከቤታችን ጓሮ ልብስ እየሰበሰብኩ ሳለ ነው። እማና አክስቴ ከግድግዳው ወዲያ ፀሐይ እየሞቁ ነበር።

"ሴቶቹ ያስታውሱኛል" አለች እማ፣ እኔንና ምሕረትን ማለቷ ነው፣ ስለ ገበያ እንደምታወራ ረጋ ብላ። "ብዙዬ ትልቅ ሆናለች። ምሕረትም ትንሽ ትንሽ አይጠፋትም። ይሄኛው ግን ምንም አይቀረው። አየሉ፣ አንቺ እንደሱ ሳለሽ የሆነ፣ የምታስታውሺው ነገር አለ?"

 አክስቴ ተቆጣች። "ዝም በይ አንቺ! ማን ትሞቻለሽ አለሽ?"

"እሺ፣ ዝም አልኩ። አንድ ነገር ብቻ ይያዝልኝ። ፊቴን እንኳ ቢተወው ግዴለም፣ አንድ ነገር።"

የታጠበ አንሶላ ፊቴ ላይ ይዤ ቆምኩ። ግማሹ ገባኝ፣ ግማሹን እንዳይገባኝ አደረግሁ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ግን ዓይኔ ከታምራት ላይ አልተነሳም።

በማግስቱ እማ እንደ ልማዷ "ወራጅ አለ!" አለች። መንገዱን ስንጀምር ታምራትን ራሷ አዘለችው። አክስቴ ከኋላ እየተከተለች "አውርጂው! ሐኪሙ ምን ነበር ያለሽ?" ትላለች። "ሐኪሙ ይሄን ዳገት መቼ ያውቀዋል" ትላለች እማ። ጥቂት ትሄዳለች፣ ትቆማለች፣ ግንባሯን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች፣ እንደገና ትሄዳለች። ያየችውን ሁሉ ታሳየዋለች።

"ታሜ፣ ያ ምንድን ነው?"

"ላም!"

"ማን አሳየህ?"

"እማ!"

አበባ ነው፣ ማን አሳየህ። ተራራ ነው፣ ማን አሳየህ። ምሕረት ጨዋታ መስሏት "እኔንም ጠይቂኝ፣ እኔንም!" እያለች ነጠላዋን ትጎትታለች። እማም ለእሷ ተራ ትሰጣታለች። እኔን አልጠየቀችኝም። እኔ እንደማልረሳ ታውቅ ነበር መሰለኝ።

ከአያቴ ቤት ጀርባ ሣሩ የጠገበ ቁልቁለት አለ። ሰፊ የእንሰት ቅጠል ቆርጣችሁ፣ ወፍራሙን የቅጠሉን ዘንግ በእግሮቻችሁ መሃል ይዛችሁ ትቀመጣላችሁ፤ ከዚያ ጤዛው ራሱ ይወስዳችኋል። የዚያ አካባቢ ልጅ ሆኖ ቂጡን በዚያ ሣር ያላረጠበ የለም። እኔና ምሕረት ስንንሸራተት እማ ዛፍ ተደግፋ ታየን ነበር። ድንገት መጣችና "ዞር በሉልኝ" አለች። ቅጠሉ ላይ ተቀምጣ ታምራትን እቅፏ ውስጥ አስገባችው። አክስቴ ከቤት ስትወጣ አየቻትና "ኧረ በማርያም! ይቺ ሴትዮ አብዳለች!" ብላ ስትጮህ እማ ወርዳለች። ቀሚሷ በነፋስ ተነፍቶ፣ ልጁ እየጮኸ፣ ታች ሣሩ ላይ ተዘረጉ። ሮጬ ስደርስ በጀርባዋ ተኝታ፣ አንድ እጇ ሆዷ ላይ፣ አንዱ ልጁ ላይ ሆኖ ትስቃለች፤ ከዓይኗ እንባ በጆሮዋ በኩል ይወርዳል። ታምራት "ድገሚ!" አላት።

"አልችልም የኔ ጌታ። አንዴ ነው።" ትንፋሿን ሰበሰበች። "ማን አንሸራተተህ?"

"እማ!"

አያቴ በሩ ላይ ቆማ ይሄን ሁሉ አይታ ነበር። ወደ ቤት ገባች።

የበዓሉ ግርግር ካለፈ በኋላ የጎረቤት ሴቶች እንሰት ሊፍቁ ጓሮ ተሰበሰቡ። በእኛ አገር ሴቶች እንሰት ሲፍቁ ወንድ አጠገባቸው ድርሽ አይልም፤ መንገዱ በዚያ ቢሆን እንኳ ዞሮ ይሄዳል። ሴቶቹ አንድ እግራቸውን ከፍ አድርገው፣ የእንሰቱን ቅርፊት በተረከዛቸው ከተጋደመ ሳንቃ ጋር አጣብቀው ይፍቃሉ፤ ቃጫው በአንድ በኩል፣ ነጩ ፍቅፋቂ በሌላ በኩል ይከመራል። እማ እግሯን ማንሳት አቅቷት ቁጭ ብላ ቡላውን ትጨምቅ ነበር። ፍቅፋቂው እንዲብላላ ቅጠል በተነጠፈበት ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ፣ ከላይ በቅጠል ተሸፍኖ በእግር የሚረገጥበት ሰዓት ሲደርስ ታምራትን እጁን ይዛ መጣች።

"እንዴ፣ ይሄን ጎረምሳ ማን አስገባው?" አለች አንዷ ጎረቤት። "ነገ ሚስት አታገኝም አንተ! እንሰት ፋቂው ይሉሃል!"

"ራሱ ፍቆ ለሚያበላ ማን እንቢ ይላል? እኔው አገባዋለሁ" አለች ሌላዋ፣ ጥርስ ያልቀራት አሮጊት። ጓሮው በሳቅ ተሞላ።

እማም ሳቀች። በርጩማ ላይ ተቀምጣ የልጁን እግሮች በሞቀ ውሃ አጠበች፤ በጣቶቹ መሃል ሳይቀር፣ ቀስ ብላ፣ የምትቸኩልበት ነገር እንደሌላት ሁሉ። ከዚያ ቅጠሉ ላይ አቆመችውና ሁለት እጁን ይዛ "እርገጥ" አለችው። ከስሩ ልስልስ ብሎ ሲሰምጥበት መጀመሪያ ፈራ፤ ቀጥሎ ሳቀ፤ ከዚያ አላቆም አለ። "ቀዘቀዘኝ! ደግሞ!" ይላል። ሴቶቹ ያጨበጭቡለታል።

"ይሄን ለሚመጣው መስከረም ትበላዋለህ" አለችው። "ከማን ጋር ረገጥከው?"

"ከእማ!"

እማ ያን ጊዜ ቀና ብላ አክስቴን አየቻት። አክስቴ ፊቷን አዙራ ድንጋይ ልታመጣ ሄደች፤ ጉድጓዱ ከላይ የሚጫነው ድንጋይ።

እማ የሞተችው በልግ ሲዘንብ ነው። ሆሳዕና ቀበርናት። ስለዚያ ቀን ብዙ አልጽፍም፤ ጫማዬ ጭቃ እንደነበረና ማንም "ጥረጊው" እንዳላለኝ ብቻ አስታውሳለሁ። ታምራት የመጀመሪያዎቹን ቀናት በር በሩን እያየ "እማስ?" ይል ነበር። አክስቴ ወደ ዳምቦያ መመለስ ትታ እኛ ጋ ቀረች። ታጥበዋለች፣ ታጎርሰዋለች፣ ሌት አቅፋው ትተኛለች። አንድ ቀን "እማስ?" ማለቱን አቆመ። ክረምቱ ሳይገባ አክስቴን "እማ" ማለት ጀመረ። የመጀመሪያውን ቀን አክስቴ የያዘችውን ሳህን አስቀምጣ ወደ ጓሮ ወጣች፤ ተመልሳ ስትመጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር፣ ግን አቤት አለችው። ልጅ ምን ያድርግ? የሚጠራው ሰው ያስፈልገዋል።

መስከረም ሲጠባ አባባ አብሮን እንዲሄድ ቢለመን የትም አልሄድም አለ። አክስቴ ሦስታችንን ይዛን ሄደች። "ወራጅ አለ!" ያለችው እሷ ናት፤ ድምፅዋ መሃል ላይ ተሰበረ። ወንዙ ያው፣ አበባው ያው፣ ምሕረት ግን እንቁራሪት አልያዘችም።

ጉድጓዱ የተከፈተው በመስቀል ዋዜማ ነው። በዓመቱ ውስጥ አያቴ ቅጠሉን እየቀየረች ጠብቃዋለች፤ ሌላው ጉድጓድ ሁሉ ሲበላ እሱ ብቻ አልተነካም። ቅጠሉ ሲነሳ ያ ኮምጠጥ ያለ ሽታ ወጣ፤ ሽታውን የማታውቁ አትወዱትም፣ እኔ ግን እስከ ዛሬ ሲሸተኝ እንባዬ ይመጣል። የአምና ሴቶች ሁሉ ነበሩ። ማንም አልቀለደም። አክስቴ ታምራትን ከጉድጓዱ አፍ አቆመችውና ተንበረከከች።

"ታሜ፣ ይሄን አምና ረግጠኸው ነበር። ከማን ጋር ነው የረገጥከው?"

ልጁ ወደ ጉድጓዱ አየ። እኔን አየኝ፣ ምሕረትን አየ፣ ሴቶቹን አየ። ሁላችንም ከእሱ የሆነ ነገር እንደምንፈልግ ገብቶታል፤ ሊያስደስተን ፈለገ። ፈገግ ብሎ ጣቱን አክስቴ ደረት ላይ አኖረ።

"ካንቺ ጋር ነዋ፣ እማ!"

ጥርስ ያልቀራት አሮጊት ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። አያቴ "ተዉት፣ ልጅ ነው" አለች። ማታ ቆጮው ተጋግሮ ከአይብ ጋር ቀረበ። ታምራት እየደጋገመ በላ፤ እኔ ድርሻዬን ወደ እሱ ገፋሁለት።

ዛሬ ያ መንገድ ሌላ ነው። ባጃጅ እስከ አያቴ ጓሮ አጥር ይገባል፤ ከሆሳዕና የተነሳ ሰው ልጆቹ እንቅልፋቸውን ሳይጨርሱ ይደርሳል። ወላጆች ልጆቻቸውን አደይ አበባ መሃል አቁመው በስልክ ያነሷቸዋል። ጥሩ ነው፤ አልነቅፍም። ልጁ ቢረሳ ስልኩ ይይዝለታል። ከእኛ እናት የቀረችን አንዲት ትንሽ ጉርድ ፎቶ ናት፤ በእሷም ላይ እማ አትስቅም። ታምራት አሁን ሾኔ ጤና ጣቢያ ይሠራል፤ የልጆች አባት ነው። አንዳንዴ ይደውልልኝና "ብዙዬ፣ ስለዚያ ቁልቁለት ንገሪኝ" ይለኛል። እነግረዋለሁ። ቀሚሷን፣ ሳቋን፣ "አንዴ ነው" ያለችውን።  መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ የሚለኝ አንድ ነው፤ "ኧረ ምንም አልመጣልኝም።" እኔ የያዝኩትን ግማሹን ብሰጠው ደስ ይለኝ ነበር። ግን እንዴት ይሰጣል?

አክስቴ አየለች ያኔ በዓሉ ባለፈ በማግስቱ ማለዳ ተነሳች። ከእናቴ ቆጮ አንድ እፍኝ በቅጠል ጠቅልላ አስቀርታ ነበር። ሴቶቹ ሲመጡ አዲስ እንሰት ፋቀች፤ ያችን እፍኝ እንደ እርሾ አዲሱ ውስጥ ቀላቀለችው። የታምራትን እግሮች በሞቀ ውሃ አጥባ ቅጠሉ ላይ አቆመችው። በዓመቱ ከዚያኛው እፍኝ ወስዳ ለሚቀጥለው አስቀመጠች፤ በዓመቱም እንዲሁ። አግብታ፣ ወልዳ፣ አርጅታም አልተወችውም። ባለፈው መስከረም ሄደን ነበር። ጉልበቷ እንቢ ብሏት በርጩማ ላይ ተቀመጠች፤ እፍኟን ከአሮጌው ወደ አዲሱ አስጨመረች፤ የታምራትን ትንሽ ሴት ልጅ እግሮች፣ በጣቶቹ መሃል ሳይቀር፣ አጠበችና ቅጠሉ ላይ አቆመቻት።