በሐምሌ ነይ ብላኝ ነበር

ታላቅ እህቴ የሞተችው እኔ ክረምቱ እስኪወጣ ስጠብቅ ነው። ይህን አሳምሬ የማወራበት መንገድ ፈልጌ አጥቻለሁ። ሞምባሳ ሆና በሐምሌ ነይ አለችኝ፤ እኔ መካኒሳ ቁጭ ብዬ፣ የለም በጥቅምት ነው የምመጣው አልኳት። አገሩን የምታውቀው እሷ ነበረች፣ የተከራከርኩት ግን እኔ ነኝ።

ያኔ ሥራዬ ቤቴ ውስጥ ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ከነበርኩበት መሥሪያ ቤት ተቀነስኩና ከጽሕፈት መኪናዬ ጋር ቤት ገባሁ። አንድ የውጭ እርዳታ ድርጅት ሪፖርቶቹን ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ እየመለስኩ እንድተይብለት ሥራ ሰጠኝ። ሰኞ ሰኞ ባለሞተር ተላላኪ ፖስታውን ያመጣል፣ ዓርብ ይወስዳል። ክረምት ሲገባ ሞተሩ ጭቃውን ስለማይደፍር ከአቦ ቤተ ክርስቲያን በታች ያለው ሰፈራችን ድረስ አይመጣም፤ ቦቲዬን አጥልቄ እስከ አስፋልቱ ወጥቼ የምቀበለው እኔው ነኝ። ጎረቤቶቼ ሥራ እንዳለኝ አምነው አያውቁም። ቀኑን ሙሉ ቤት የምትውል ሴት ምን ሥራ አላት? የመብራት ቆጣሪ አንባቢው ሲመጣ ክፈቺለት እያሉ ቁልፋቸውን ሁሉ እኔ ጋ ያስቀምጡ ነበር። እየተነጫነጭኩ እከፍታለሁ።

እህቴ በስምንት ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ፀጉሬን የሠራችኝ፣ ፊደል ያስቆጠረችኝ፣ ሳጠፋ የቆነጠጠችኝ። በደርግ ጊዜ ከባሏ ጋር በሞያሌ በኩል ወጡ። እሱ የጭነት መኪና ሹፌር ስለነበር ወደብ ያለበት ሞምባሳ ሥራ አገኘና እዚያው ቀሩ። አሥራ አራት ዓመት በደብዳቤ ብቻ ኖርን። ኋላ ላይ ልቧ መታመሙን ጻፈችልኝ። ሐኪሙ ሙቀት አይስማማሽም፣ ረጅም መንገድም አትሞክሪ ብሏታል። እኔ መምጣት አልችልም፣ ዓይንሽን ሳላይ እንዳልሞት አንቺ ነይ አለች። ያን ደብዳቤ ያነበብኩ ቀን አንዲት ገጽ እንኳ አልተየብኩም።

አለቃዬ ዘንድ ሄጄ ሁለት ወር እንድትፈቅድልኝ ለመንኳት። ደግ ሴት ነበረች። ፈቃድ ምን ያደርግልሻል፣ ሥራውን ይዘሽ ሂጂ፣ የጨረስሽውን በፋክስ ላኪልን፣ በጊዜ ይድረስ እንጂ የትም ብትቀመጪ ግድ የለንም አለችኝ። ጉድ አልኩ። የጽሕፈት መኪና ተሸክሞ ባሕር ዳር ሄዶ መሥራት የሚባል ነገር ሰምቼም አላውቅ። ለእህቴ ስጽፍላት በጣም ሳቀች መሰለኝ፤ በመልሷ ላይ ከስንት ጊዜ በኋላ የድሮ ተረቧን አገኘሁት። ከመካኒሳ ጭቃ ያላወጣሽን ሥራ፣ ጥጧን ይዛ እንደምትዞር ፈታይ ይዘሽው ልትመጪ ነው ወይ ብላኛለች።

እዚያው ደብዳቤ ላይ ወራቱን አንድ በአንድ ዘረዘረችልኝ። ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ግንቦት ዶፍ ነው፣ አትምጪ። በጥርና በየካቲት ሙቀቱ ትንፋሽ ያሳጥረኛል፣ ተኝቼ ነው የምታገኚኝ። በጥቅምትና በኅዳር ትንሹ ዝናብ አለ። ደህና የምሆነው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ከባሕሩ ነፋስ ይመጣል፣ ማታ ማታ ደህና እተኛለሁ፣ ቀን በረንዳ ላይ እቀመጣለሁ። በሐምሌ ነይ። ከታች ደግሞ፣ የጽሕፈት መኪናሽን ወርድና ቁመት ለክተሽ ጻፊልኝ የምትል መስመር ጨምራለች። ለጉምሩክ ይሆናል ብዬ በልብስ ሰፊ ሜትር ለካሁና ላክሁላት።

ከዚያ ልሂድ አልኩ? አላልኩም። እኛ ቤት ሁሉም ነገር የሚደረገው ክረምቱ ሲወጣ ነው። አባቴ ክረምቱ ይውጣና ሳይል የጀመረው ነገር አላስታውስም፤ ሰርግም፣ ዘመድ ጥየቃም፣ የአጥር ሥራም። የሰፈሩም ሰው እንዲሁ ነው፣ በሐምሌ የሚነሣ መንገደኛ ካለ ወይ መርዶ ሰምቷል ወይ ተጣልቷል ይባላል። እኔ ደግሞ አዋቂ ነኝና በራሴ ስሌት ሠራሁ። እዚህ ባሕር በሌለበት እንዲህ ከዘነበ፣ ባሕር ዳርማ እንዴት ሊሆን ነው! እህቴ ናፍቆቷ በዝቶ እንጂ ሐምሌ ደህና ወር ነው የሚባልበት አገር አለ ብዬ አላሰብኩም። ስንት ሪፖርት የተረጎምኩ ሴት ነኝ፣ ስለ ዝናብም ስለ ድርቅም። ክረምት ግን ለዓለሙ ሁሉ አንድ ይመስለኝ ነበር።

በሰኔ አንድ እሑድ ደወለች። ስልክ ያለው ከጎረቤት፣ አንዲት ጡረታ የወጡ ነርስ ቤት ብቻ ነው፤ እትዬ እላቸዋለሁ። ልጅ ልከው አስጠሩኝና ሮጬ ሄድኩ። ድምፅዋ ቀጥኗል፣ በየቃሉ መሃል ታርፋለች። መቼ ነው የምትመጪው አለችኝ። መስከረም ይጥባ፣ መስቀልን ልዋልና በጥቅምት አልኳት።

«እዚህ እኮ ሐምሌ በጋ ነው» አለችኝ።

«ሐምሌ በጋ የሚሆነው የት አገር ነው፣ እታለም? ዝናብ ላይ ጥለሽኝ ልትስቂብኝ ነው?»

መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ አልኩ።

«አንቺ ልጅ፣ የምትመጪው ሰማይ ልታዪ ነው ወይስ እኔን?»

አንቺን ነው እንጂ አልኩና ሳቅሁ። ጥቅምት ምን አላት፣ አራት ወር ናት አልኳት። እሺ እንግዲያው አለች። እሺ እንግዲያው ስትል ተስፋ መቁረጧ መሆኑን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። አውቃለሁ፣ ግን ስልኩን ዘጋሁ።

ሐምሌ እንደ ሁልጊዜው ገባ። ወንዙ ሞላ፣ ጣሪያዬ አፈሰሰ፣ ከጽሕፈት መኪናው አጠገብ ሳፋ ደቅኜ ሠራሁ። ጣሪያው በጮኸ ቁጥር ደግ አደረግሁ፣ በዚህ ዝናብ ማን መንገድ ይወጣል እያልኩ ራሴን አመሰግን ነበር። ፍልሰታ አልቆ ነሐሴ ሊወጣ ሲል፣ ልደውልላት እትዬ ቤት ሄድኩ። ዝናቡ መስመሩን አበላሽቶታል፣ ወደ ውጭ አይሠራም አሉኝ። በሳምንቱም ሄድኩ፣ አሁንም አይሠራም። በጳጉሜ እስከ ናይሮቢ ቲኬት ቆረጥኩና ለእሳቸው አሳየኋቸው። ከናይሮቢ ወዲያ በአውቶቡስ እንደምሄድ፣ በርበሬና ሽሮ እንደቋጠርኩ ነገርኳቸው። ቲኬቱን ገልበጥ ገልበጥ አደረጉና መነጽሬን ላምጣ ብለው ወደ ጓዳ ገቡ። መነጽራቸው ግን ዓይናቸው ላይ ነበር። እንዴት እንዳላሰብኩት አሁንም ይገርመኛል።

እንቁጣጣሽ ካለፈ በሦስተኛው ቀን፣ ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። የእድሩ ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል፣ እትዬ ከፊት ናቸው። ማንም ሳይናገር ገባኝ። የእህቴ ባል እትዬ ቤት የደወለው በነሐሴ አጋማሽ ነው። ብቻዋን ናት፣ በጾም አታርዷት፣ ቀጥሎም በዓሉን አታበላሹባት ተባባሉ። ወር ሊሞላ ምንም ያህል አልቀረውም ነበር። እኔ የሞተች እህቴን ለመጠየቅ በርበሬ አስፈጭቻለሁ።

«ልጄ፣ ቲኬቱን ስታሳዪኝ ልነግርሽ አፌን ከፍቼ ነበር» አሉኝ እትዬ እያለቀሱ።

ጮህኩባቸው። በእሳቸው ዕድሜ ላይ ላለ ሰው የማይባል ነገር አልኳቸው። ሰው ያለ ወጉ አላደረገም፣ መርዶ በዓል ላይ አይነገርም፣ እኔም ብሆን ያን አደርግ ነበር። የተናደድኩት በራሴ ነው፤ ቅርብ የተገኙት ግን እሳቸው ነበሩ። ሦስት ቀን ሙሉ ሳይቀየሙ አጠገቤ ተቀመጡ።

ቲኬቱን መለስኩ። የሄድኩት በዓመቱ፣ ለሙት ዓመቷ ነው። ያን ጊዜ ወሩን ምረጪ ያለኝ የለም። ጥቂት ቀድሜ ልድረስ ብዬ በሐምሌ አጋማሽ ተነሣሁ። ቦቲዬን ከሻንጣው ሥር ከትቼዋለሁ፣ ያን ሁሉ አይቼም አላመንኩም ማለት ነው።

የእህቴ ባል በረንዳው ላይ አስቀመጠኝ። ከባሕሩ በኩል ነፋስ ይመጣል፣ ደህና ነፋስ። ሰማዩ ጠርቷል። አንድ ወንበር አለ፣ ትራስ የተደረገበት፤ ከፊቱ ደግሞ አጠር ያለች የእንጨት ጠረጴዛ ከሌላ ወንበር ጋር።

«ሰኔ ላይ ነው ያሠራቻት» አለኝ ጠረጴዛዋን እያሳየ። «አናጢውን ሁለቴ አስመለሰችው። ልኩን እህቴ ራሷ ናት የላከችልኝ፣ ስትሠራ እያየኋት እቀመጣለሁ ትል ነበር።»

ጥቅምት ነው የምመጣው ካልኳት በኋላ ነው ያሠራችው ወይስ በፊት ብዬ ልጠይቀው አስቤ ተውኩት። የጽሕፈት መኪናዬን አውጥቼ አስቀመጥኩ። በአራቱም በኩል ልክ ሆነ፣ ለወረቀቱም በስተቀኝ ቦታ ትታለታለች። ተደፍቼ አለቀስኩ፤ ሰውየውም አብሮኝ አለቀሰ።

አንድ ወር ያህል እዚያ ሠራሁ። ነፋሱ ወረቀቴን እንዳይወስደው የእሷን የውኃ ብርጭቆ ከላዩ አስቀምጥበት ነበር። ባለ ትራሱ ወንበር ላይ ማንንም አላስቀመጥኩ። ሁለት ሦስት ቀን ካፊያ ጣል ጣል አደረገ፣ ያም ወዲያው አባራ። ቦቲዬን ከሻንጣው ሳላወጣው መካኒሳ መለስኩት።