የጌዶዋ ጉርዴ ዛሬ ልኬ ሆነች

ዚፑ ተዘጋ! ዛሬ ጠዋት፣ ሆዴን እንኳ ሳልስብ!

በደርግ ጊዜ ጌዶ ከተማ ሳስተምር የምለብሳት ሰማያዊ ጉርድ ናት። ካሰብኩት ክብደት ለመድረስ ሁለት ኪሎ ብቻ ቀርቶኛል።

ከዚያ መስታወት ፊት ቆምኩ። ሆዴ ተጨማዷል፣ ክንዴ ባዶ ጆንያ መስሏል። ለዚህ ነው ያን ሁሉ ወር ከቅቤ የተጣላሁት?

ጎረቤቴ አዴ ጫልቱ ደግሞ ገና ስታየኝ፣ "ወዮ! ምነው እንዲህ ከሳሽ? ታመሽ ነው?" አትለኝም መሰላችሁ! እዚህ እኛ አምቦ መክሳት በሽታ እንጂ ድል አይደለም።

ድንገት ሳቄ መጣ። ያኔ የጌዶ ሰዎች "ቀጫጫዋ አስተማሪ" ሲሉኝ አፍሬ፣ ወፈር ብዬ እንድታይ ከዚህችው ጉርድ ሥር ሌላ ጉርድ እደርብ ነበር!

ዛሬ ግን እሷን ብቻ ለብሼ ገበያ ወጣሁ።

እናንተስ፣ ያኔ ያፈራችሁበት፣ ዛሬ የናፈቃችሁት ገላ የላችሁም?